የምንወደው ሥራ ወይስ የሚከፍለን ሥራ?

ዛሬ ከአንዲት የደሴ እህታችን የደረሰንን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ባለቤቷ የመድረሳ አስተማሪ ነው። ሥራውን ይወደዋል፤ ልጆቹም እሱ ካልመጣ አንቀራም ይላሉ። ከጀመዓው መዋጮ የሚሰጠው ደመወዝ ግን የቤት ኪራይና አስቤዛ ከተሸፈነ በኋላ ለሦስት ልጆቹ ልብስ አይተርፍም። አሁን መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው አጎቱ «መጥተህ ሱቁን ያዝልኝ፤ የደመወዝህን ሦስት እጥፍ እከፍልሃለሁ» ብሎታል። ባልየው እምቢ አለ። እህታችንም «ዱንያ ወዳድ እንዳልባል ፈርቼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ልጆቼን መበደል ይሆን?» ትለናለች።

እህታችን! ጥያቄሽ የዱንያ ወዳድ ጥያቄ አይደለም። ሚስትንና ልጆችን መቀለብ በባል ላይ ግዴታ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ባሏ አቡ ሱፍያን የሚበቃ ቀለብ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባመለከተች ጊዜ፣ ለሷና ለልጇ የሚበቃውን በአግባቡ ከገንዘቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት እንጂ ዝም በይ አላሏትም። ያንቺ ባለቤት እርግጥ ያለውን የሚደብቅ ሰው አይደለም፤ የሌለውን ነው ያልሰጠው። ቢሆንም «ሥራዬን እወደዋለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ለልጅ እራት አይሆንም።

ባልየው የፈራውም ይገባናል። ሱቅ ከገባሁ ዒልሙ ይቀርብኛል ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ዓሊም ከመስጂድ፣ ነጋዴ ከገበያ ነው የሚል ልማድ አለ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን (ከ80 እስከ 150 ዓመተ ሂጅራ የኖሩት) ኩፋ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከአባሲዩ ኸሊፋ አል‐መንሱር የቀረበላቸውን የቃዲነት ሹመት አልቀበልም ለማለት ያስቻላቸው አንዱ ነገር የማንንም እጅ የማያይ መተዳደሪያ ስለነበራቸው ይመስለናል። ሸሪካቸው ሐፍስ ነውር ያለበትን ልብስ ነውሩን ሳይናገር በሸጠ ጊዜ የሽያጩን ገንዘብ ሶደቃ እንዳደረጉት ይተረካል። ስለዚህ ሱቁም የዲን መፈተኛ ነው፤ የአጎትየው ንግድ ሐላል እስከሆነ ድረስ ባልየው ከዒባዳ ወደ ዱንያ ወጣ አይባልም።

የንግዳቸው ጥቅም በዚህ አያበቃም። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ የድሃ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ቂርኣቱን ትቶ ሠርቶ እንዲያመጣ ሲያስቸግረው ኢማሙ ከጨርቁ ትርፍ እየከፈሉ አስቀሩት። ያ ልጅ በኋላ በሃሩን አል‐ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ ሆነ። የአቡ ዩሱፍ ቤተሰብ ቸግሮት እንጂ ዒልም ጠልቶ አልነበረም፤ እንዳንቺ ቤት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጀመዓውም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አቡ በክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ማግስት ጨርቃቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ወጡ። ዑመርና አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መንገድ ላይ አግኝተው መለሷቸው፤ ከበይተል ማልም ቀለብ ተቆረጠላቸው። የሕዝብን ሥራ የያዘ ሰው ሕዝቡ ካልቀለበው ገበያ ይወስደዋል። ለሚናራ ቀለም ሲዋጣ ቀድመን የምንገኝ፣ ለኡስታዙ ደመወዝ ሲባል ግን የምንጠፋ ሰዎች ብዙ ነን።

ወደ ቤታችሁ ሒሳብ እንመለስ። ሦስት እጥፍ የተባለው በደሴ ኑሮ ሲሰላ ነው። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ከገባ የቤት ኪራዩ ብቻ ከጭማሪው ብዙውን ሊበላው ይችላል። ባልየው ብቻውን ከሄደ ደግሞ ሁለት ቤት መቀለብ አለ፤ ልጆቹም አባታቸውን በስልክ ነው የሚያገኙት። እንግዲህ ተቀምጣችሁ በወረቀት ጻፉት። ቁርኣን ሕፃን ጡት ለማስጣል እንኳ አባትና እናት እንዲመካከሩ ያዛል፤ ለዚህ ጉዳይማ እንዴት አይመካከሩ?

ደግሞ ከመሄድና ከመቅረት ሌላ መንገድ አለ። አጎትየው ሸቀጥ ለመግዣ የሚሆን ገንዘብ ቢሰጠውና ባልየው እዚያው ደሴ ከመድረሳ ሰዓት ውጭ ቢነግድበት በሸሪዓችን ሙዳረባ ይባላል። ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ፣ ለምሳሌ እኩል በእኩል፣ ይካፈላሉ። ያለ ሠራተኛው ጥፋት ከከሰረ ገንዘቡ የሚጎድለው ከባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። በየወሩ ይህን ያህል ብር አምጣ ብሎ መቁረጥ ግን አይፈቀድም። ውሉ ይጻፍ፤ ዘመድ ነው ተብሎ አይተው።

ባልየው ኢስቲኻራ ይስገድ፤ አንቺም ስገጂ። ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ አይደለም። ከፈርድ ውጭ ሁለት ረከዐ ሰግዶ ዱዓውን ማድረግና ከዚያ ወደተመከረበት ነገር መራመድ ነው። አጎትየውን ከማናገራችሁ በፊት ግን ባልየው የመድረሳውን ኮሚቴ ይጠይቅ። እነሱ ደመወዙ እንደማይበቃው ላያውቁ ይችላሉ፤ ኡስታዞቻችን ችግራቸውን አይናገሩምና። የደረሳችሁበትን ጻፉልን።