የኦቬችኪን ግብና የደጋፊው ክርክር

ስለ በረዶ ሆኪ ምን አገባን እንዳትሉ። የዋሽንግተን ካፒታልስ ደጋፊዎች የያዙት ክርክር እኛንም ይመለከታል።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. የ2024-25 መደበኛ ውድድርን በ111 ነጥብ የምሥራቁን ምድብ መርቶ ጨረሰ። ሩሲያዊው አምበል አሌክሳንደር ኦቬችኪን እግሩ ተሰብሮ 16 ጨዋታ ቢያመልጠውም 44 ግብ አገባ። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 895ኛዋን አስቆጥሮ የዌይን ግሬትስኪን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሚገርመው፣ ሁለቱም 1,487 ጨዋታ ነው የፈጀባቸው። ከዚያ በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር በካሮላይና 4 ለ 1 ተሸኙ። ደጋፊው እስከዚህ ድረስ ይስማማል።

የማይስማማው እ.ኤ.አ. በ2017 ላይ ነው። ኦቬችኪን ያኔ ፑቲንን የሚደግፍ «የፑቲን ቡድን» የተባለ እንቅስቃሴ ጀመረ። በ2022 ዩክሬን ስትወረር ጦርነቱ እንዲቆም ቢመኝም መሪውን አላወገዘም። «ዘመዶቹ ሩሲያ ናቸው፣ ምን ይበል?» ይላሉ ተከላካዮቹ። ይህን እኛ ስደተኞች አንንቀውም፤ አገር ቤት ስንደውል ቃል የምንመርጠው ለምን ሆነና! ዝምታና ቅስቀሳ ግን ለየቅል ናቸው። በመንግሥት ጋዜጣ ያረጀን ሰዎች የስፖርተኛ ፎቶ ከመሪ ፎቶ ጎን ለምን እንደሚለጠፍ እናውቃለን። ለስፖርቱ ተብሎ አይደለም።

ለ895ኛዋ ግብ አጨብጭበናል። ለ2017ቱ ግን እጃችን አልተነሳም።