በፍቅርና በትዳር ስም የሚፈጸም ማታለል፦ የጀጎል ነዋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

በፍቅርና በትዳር ስም የሚፈጸም ማታለል አንድ ሰው በሐሰት ማንነት ቀርቦ የቅርብ ወዳጅነት ከመሠረተ በኋላ፣ ያገኘውን እምነት ገንዘብ፣ የግል መረጃ ወይም ምስል ለመውሰድ የሚጠቀምበት ወንጀል ነው። ከሌሎች የማጭበርበር ድርጊቶች የሚለየው በሚወስደው ጊዜ ነው። አታላዩ ገንዘብ የሚጠይቀው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት የዕለት ተዕለት ጭውውት በኋላ ነው። ስለሆነም ጥያቄው ሲመጣ ተጠቂው የሚያስበው ስለማያውቀው ሰው ሳይሆን ስለወደደው ሰው ነው። በዚህ ወንጀል የሚጠቁት የተማሩም፣ በሥራቸው የተከበሩም፣ በዕድሜ የበሰሉም ሰዎች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበትን ሰው «እንዴት ታምናለህ?» ብሎ መውቀስ ተጎጂውን ዝም ከማሰኘት በቀር ጥቅም የለውም።

የወንጀሉ ስፋት ዓለም አቀፍ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 70,000 ገደማ ከሚሆኑ ሰዎች አቤቱታ የተቀበለ ሲሆን፣ የጠፋው ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ግን በተጠቂዎች በኩል ብቻ አይደለም። በማያንማር ድንበር አካባቢ በሚገኙ የተከለሉ ግቢዎች ውስጥ፣ በጥሩ ደመወዝ ሥራ ተስፋ ተታለው የሄዱ ወጣቶች ሌሎችን በፍቅር ስም እንዲያታልሉ በኃይል ሲገደዱ ቆይተዋል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በስልኩ ማዶ የፍቅር ቃል የሚጽፈው ሰው ራሱ የተታለለና የታገተ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በጀጎል ውስጥ ለሚኖር ሰው አደጋው የራሱ መልክ አለው። በአምስቱ ጥንታዊ በሮች ውስጥ የሚኖረው ማኅበረሰብ በቤተሰብና በጉርብትና የሚተዋወቅ ነው፤ አንድ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። በሌላ በኩል በርካታ የሐረር ቤተሰቦች በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ የሚኖሩ ዘመዶች አሏቸው። ከውጭ የሚመጣ የትዳር ጥያቄ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በመልካም የተፈጸመም ብዙ ነው። አታላዩ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። «አያቴ የጀጎል ሰው ናቸው፤ እኔ በልጅነቴ ከአገር ወጥቻለሁ» ይላል። የሰፈሮችን ስም፣ የሠርግና የበዓል ፎቶግራፎችን ከማኅበራዊ ትስስር ገጾች ይለቅማል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሲቃረብ ዲያስፖራው ወደ ከተማዋ ስለሚመለስ፣ «ለሹዋሊድ እመጣለሁ» የሚል ቀጠሮ በቀላሉ ይታመናል።

የሚከተለው ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው። በመኪና ግርግር አካባቢ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ በፌስቡክ ከተዋወቃት «የካናዳ ነዋሪ» ጋር ለአራት ወራት ትጻጻፋለች። ሰውየው ስለ ቤተሰቧ ይጠይቃል፣ እናቷ ሲታመሙ በየቀኑ ይደውላል፣ ምንም ነገር አይለምንም። በአራተኛው ወር የወርቅ ጌጥና ስልክ ያለበት ስጦታ እንደላከ ይነግራታል። በማግሥቱ ራሱን የጉምሩክ ሠራተኛ ያደረገ ሌላ ሰው ደውሎ ዕቃው አዲስ አበባ እንደተያዘና 45,000 ብር ቀረጥ እንደሚከፈልበት ያሳውቃታል፤ የሚሰጣት የባንክ ሒሳብ ግን በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነው። ስትከፍል «ቅጣት» ይጨመራል፤ ቅጣቱን ስትከፍል «የማከማቻ ኪራይ» ይመጣል። ጥያቄው የሚቆመው ገንዘቧ ሲያልቅ ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት የሒሳቡ ስም ነው። ቀረጥና ታክስ በግለሰብ ሒሳብ አይከፈልም፤ የቪዛ ክፍያም እንዲሁ። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ስም ከአፍቃሪው ወይም ከተቋሙ ስም የተለየ ከሆነ፣ የሚሰጠው ምክንያት ምንም ያህል አሳማኝ ቢሆን ክፍያው መቆም አለበት። ሌሎቹ ምልክቶችም ከዚህ ይያያዛሉ። አታላዩ ግንኙነቱ ከቤተሰብ እንዲደበቅ ይፈልጋል። በአካል የመገናኘት ቀጠሮ በተቃረበ ቁጥር አደጋ፣ ሕመም ወይም እስራት ይገጥመዋል። ገንዘቡ «ዛሬውኑ» እንዲላክ ያጣድፋል። በቪዲዮ አለመታየቱ ቀድሞ የታወቀ ምልክት ነበር፤ አሁን ግን ፊትንም ድምፅንም አስመስሎ የሚሠራ ቴክኖሎጂ ስላለ በቪዲዮ መታየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

አስተማማኙ ማጣሪያ ጀጎል ውስጥ ከቀድሞ ጀምሮ ያለ ነው። በሠርግና በሐዘን ጊዜ ማኅበረሰቡን የሚያስተባብረው አፎቻ የቤተሰቦችን ትውውቅ ጠብቆ ያቆየ ተቋም ነው። «የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ቢኖር፣ የተባለውን ቤተሰብ የሚያውቁ የአፎቻ አባላትን መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይወስድም። እውነተኛ የትዳር ፈላጊ ሽማግሌ መላክንም ሆነ በዘመድ በኩል መታየትን አይሸሽም። ፎቶግራፉንም በጉግል የምስል ፍለጋ ማየት የሌላ ሰው ምስል መሆኑን ሊያሳይ ይችላል።

ሁሉም ማታለል በፍቅር አይጀምርም። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» የሚል ጥሪ ሲደርስ፣ መልእክቱን ሳይሆን የቴሌብር ወይም የባንክ ቀሪ ሒሳብን መመልከት ያስፈልጋል፤ የደረሰው የጽሑፍ መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላልና። የሚስጥር ቁጥርንና በስልክ የሚደርስ የማረጋገጫ ኮድን የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም። የፋይዳ ምዝገባም ነፃ ነው፤ ለምዝገባው ገንዘብ የሚጠይቅ ደዋይ አጭበርባሪ ነው። ለ«እጮኛ» ሲባል የራስን ሒሳብ ወይም ሲም ካርድ ለማይታወቅ ገንዘብ መቀበያ ማዋል ደግሞ ባለቤቱን በገንዘብ ማጠብ እስከመጠርጠር ያደርሳል።

የአንዳንዱ አታላይ ዓላማ ምስል ነው። የግል ምስል ከተላከለት በኋላ «ካልከፈልሽ ለቤተሰብሽ እልካለሁ» ብሎ ያስፈራራል። ክፍያ ማስፈራሪያውን አያስቆመውም፤ መክፈል የሚችል ሰው መገኘቱን ብቻ ያሳየዋል። በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የተፈራራው ሰው ምስሉን መላኩ አቤቱታ ከማቅረብ አያግደውም።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 10 ማንነትን አሳስቶ በማቅረብ ወይም አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ሌላውን ሰው ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ማድረግን ከአምስት ዓመት ባልበለጠ ጽኑ እስራትና ከ50,000 ብር ባልበለጠ መቀጮ ያስቀጣል። ማታለሉ ያለ ኮምፒውተር የተፈጸመ ከሆነ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ተፈጻሚ ይሆናል።

ገንዘብ የላከ ሰው በቅድሚያ ማድረግ ያለበት ለባንኩ ወይም ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው ወዲያውኑ ደውሎ ዝውውሩን ማሳወቅ ነው። ገንዘቡ በተቀባዩ ሒሳብ ላይ ሳለና ወጪ ከተደረገ በኋላ ያለው ልዩነት የሰዓታት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ይቀርባል። ሲቀርብም የዝውውሩ መለያ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ሒሳብ ቁጥር፣ የተደወለባቸው ስልክ ቁጥሮችና የጭውውቱ ቅጂ ከነቀኑ መያዝ አለበት። ብዙ ተጎጂዎች ከኀፍረት የተነሣ ጭውውቱን ይሰርዙታል፤ ዋናው ማስረጃ ግን እሱ ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ስለሚያስገድድ፣ ከዚያ የዘገየ አቤቱታ ምርመራውን ያከብደዋል።

አቤቱታው ከቀረበ በኋላም «የጠፋውን ገንዘብ አስመልሳለሁ፤ ቅድሚያ የአገልግሎት ክፍያ ይላክ» የሚል ሰው ሊደውል ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አታላይ ወይም ስልክ ቁጥሩን ከእሱ የተቀበለ ሌላ ሰው ነው። የደዋዩ ቁጥር ተመዝግቦ ለተከፈተው የምርመራ መዝገብ ተጨማሪ ማስረጃ ሆኖ ለፖሊስ መሰጠት ይኖርበታል።