ዘይት የጠጣ ሰንጢ

ብርቱካን ሊልጥ ሰንጢውን ከኪሱ ያወጣ ሰው፣ ስለቱ ላይ ባለችው ጭረት ጥፍሩን ሰክቶ ይስባል። ስለቱ ንቅንቅ አይልም። በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ የሚያዝለት መድኃኒት አንድ ነው፦ «ዘይት ጠብ አድርግበት!» ምን ዓይነት ዘይት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅርብ ያለው የወጥ ቤቱ ነውና እሱው ይንጠባጠብበታል።

ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት የሚፋተግን ብረት ያለሰልሳል፤ ሰንጢው ያን ዕለት እሽ ብሎ ይከፈታል፣ መካሪውም ተመርቆ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘይቱን የሚጠረጥር አይገኝም።

ነገሩን ለመረዳት ምጣድ ማየት ይበቃል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ፣ ከዘሩ የወጣው ቅባት በእሳቱ ግለት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ገጹን የሚሸፍን ስስ፣ ጠንካራ ልባስ ይሆናል። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሳው በዚህ ነው። የተልባ፣ የኑግና የሱፍ ዘይት እሳት ባይነካቸው እንኳ ቀስ እያሉ ወደዚያው ያመራሉ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ለመቶዎች ዓመታት ቀለማቸውን በተልባ ዘይት ሲበጠብጡ የኖሩት ስለሚደርቅላቸው ነው። ኑግ ከተልባ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ምጣድ ላይ በረከት የሆነው ይህ ጠባይ፣ በሰንጢ ማጠፊያ ውስጥ ሲገባ ሙጫ ነው። የኪስ አቧራውን፣ የጨርቅ ብናኙን፣ የብርቱካኑን ጭማቂ ሁሉ እየያዘ ያስቀራል።

የሚያናድደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰንጢው እንደገና ሲጠብቅ ያው መካሪ «ዘይት አንሶት ነው» ይላል። ይጨመርለታል፤ ይብስበታል። በመጨረሻ ባለቤቱ ስለቱን በፒንሳ ነክሶ ሲታገል ፒንሳው ያመልጠዋል፣ ሞላውም በግማሽ የተከፈተውን ስለት መልሶ ይዘጋዋል። መሃል ላይ ያሉት ጣቶቹ ናቸው።

የሚያዋጣው ከዘይት በፊት ውሃ ነው። የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ራሱ ለሰንጢዎቹ የሚመክረው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በስለቱና በሞላው መሃል ጥቂት ዘይት ማድረግ ነው። ለማጠፊያው በቤት ውስጥ የሚገኘው ተስማሚ ዘይት የልብስ ስፌት መኪናው ነው፤ ከነዳጅ የተጣራ በመሆኑ እንደ ኑግ አይደርቅም። አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ የተረፈው በጨርቅ ይጠረግ። ቀድሞ የገባው የምግብ ዘይት ገና ካልጠነከረ ላምባ ያሟሟዋል።

የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቯ የጀመረው ሰንጢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የእጀታው እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ቆንጥጦ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ሰንጢ ዘይት ሳይሆን ጥላ ሥር ጥቂት ቀን መሰንበት ያድነዋል። የአገሩ ሰዎች ቸኩለው እንደሆነ መቆለፊያ ቀለበቱን ይከፍቱና የእጀታውን ጫፍ ከጠረጴዛ ጋር መታ ያደርጉታል፤ ስለቱ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል።

«ደብሊው ዲ-40 ሁሉንም ይፈታል» የሚሉም አሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1953 በሳንዲያጎ የተቀመመው ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ውሃን ከማባረር ነው፤ ለአትላስ ሚሳይል ዝገት መከላከያ ሆኖም አገልግሏል። ለማጽዳትና እርጥበት ለማስወጣት ይሁን፤ የሚተወው ልባስ ግን ስስ ስለሆነ ለዘለቄታው አይታመኑበትም።

ብሎኑን ማላላትስ? ስለቱ ወደ ጎን መወዛወዝ ከጀመረ መቆለፊያው በወጉ ላይገጥም ይችላል። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ቪክቶሪኖክሶቹ ደግሞ በሪቬት የተመቱ በመሆናቸው የሚላላ ብሎን የላቸውም፤ ካቻቢቴውን ማስቀመጥ ይሻላል።

ከሁሉም አጉል የሆነው «ጥሩ ሰንጢ በእጅ ውርወራ ብቻ ይከፈታል» የሚለው ኩራት ነው። ብዙዎቹ የኪስ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም። ስለቱ ጣት ላይ እንዳይዘጋ የሚያግደው የሞላው ጥንካሬ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ማስቸገሩ ጥበቃ ነው። ኦፒኔልም ቢሆን ቀለበቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ከዚያ በፊት ለ65 ዓመታት ስለቱን የያዘው ጥብቀቱ ነበር። ሰንጢውን አላልቶ የእጁን አንጓ እየወረወረ የሚከፍት ሰው ከጣቱ ሌላ ሕግም ያሰጋዋል። በኒውዮርክ ፖሊሶች የተያዘውን ሰንጢ በአንጓቸው ወርውረው ይሞክሩት ነበር፤ ተከፍቶ ከተቆለፈ ባለቤቱ ይታሰራል። ለሥራቸው የያዙ የግንባታ ሠራተኞች ሳይቀሩ በዚህ ተከሰዋል። ክልከላው የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በእንግሊዝ ግን በውርወራ ስለቱ የሚወጣን ሰንጢ መሸጥ የከለከለው የ1959 ሕግ አልተሻረም።