የከረንቡላ ጠረጴዛ ልብስና የመንዝ ዝተት

ስሙ ከጣልያንኛ የመጣልን ከረንቡላ ወደሚጫወቱበት ቤት ገብቶ የተመለከተ ሰው፥ ጠንቃቃው ባለቤት አረንጓዴውን የጠረጴዛ ልብስ በየዕለቱ በለስላሳ ብሩሽ ሲጠርግ ያያል። የሚጠርገውም ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ሳይሆን፥ ከአንደኛው ራስ ወደ ሌላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ውሃ አያፈስበትም፤ በሳሙና አያሸውም። መጠጥ ቢፈስበት ደረቅ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ያስመጥጠዋል እንጂ አይፈትገውም። ጨዋታው ሲያበቃም ያለብሰዋል።

ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ልብስ ከምን የተሠራ ነው ቢሉ፥ ከበግ ጠጉር ነው። በቤልጅግ አገር በቬርቪዬ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1680 የተቋቋመው ሲሞኒስ የተባለው ፋብሪካ በዚህ ልብስ በዓለም የታወቀ ነው። የመንዝ ሴቶች የሚፈትሉት፥ ሸማኔውም ዝተት፥ ባናና በርኖስ አድርጎ የሚሠራው እንዲሁ የበግ ጠጉር ነው። ሻካራና ለስላሳ ይሁን እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው።

ጠባዩንም እንመልከት። አንዷን የበግ ጠጉር በማይክሮስኮፕ ብናያት፥ ገላዋ እንደ ጓሳ ክዳን በተደራረበ ቅርፊት ተሸፍኖ ይታያል። ሙቅ ውሃና ፍትጊያ አብረው ሲያገኙት ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ልብሱም ይኮማተራል፥ ይደድራል፤ ወደ ቀድሞው መልኩም አይመለስም። ደግሞ የበግ ጠጉር እርጥበት ይስባል፤ የክብደቱን ሢሶ ያህል ውሃ ይዞ ሳለ ለእጅ ደረቅ ሊመስል ይችላል። በታላላቅ ውድድር ቤቶች የከረንቡላውን ጠረጴዛ ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚያሞቁት ስለዚህ ነው። ልብሱ እርጥበት ከያዘ ኳሱ ይዘገያልና።

እንግዲህ «ልብሳችሁን ቀቅሉ» የሚለው የተለመደ ምክር ለነጠላ፥ ለጋቢና ለሸሚዝ እጅግ መልካም ሲሆን፥ ለዝተት ግን ንብረት ማጥፋት ነው። የቤት እመቤቲቱ ብዙ ወራት የፈተለችውን ልብስ በድስት አልከትም ብትል አንፈርድባትም። የምንቃወመው ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም «ዝተት አይታጠብም» ብሎ ለዓመታት እንዲሁ የሚተወውን።

የተተወው ዝተት የሚያመጣው ጉዳት ከመሽተት ያለፈ ነው። የገላ ቅማል ሁለት ብርቱ በሽታዎችን ያስተላልፋል፤ አንዱ ታይፈስ የሚባለው ተስቦ፥ ሁለተኛው የሚያገረሸው ትኩሳት ነው። ሁለተኛው ዛሬም ከአገራችን አልጠፋም። ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1909 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በቱኒስ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነበረ፤ ሕመምተኛው ታጥቦ ልብሱን ከለወጠ በኋላ በሆስፒታሉ ውስጥ በሽታውን ለሌላ ሰው አያስተላልፍም ነበር። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅም አደገኛ ነው፤ የሚያገረሸው ትኩሳት ተሐዋሲ ከተጨፈለቀው ቅማል ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ይገባልና።

ቅማል ይበልጥ የሚሰፍረው በውስጥ ልብስ ስፌት ነው፤ ዝተቱ ደግሞ ከአንዱ ተኚ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆንለታል። ይህን የምንናገረው በተለይ ለመምህራን ነው። ከገጠር ወደ መሐል ሜዳ፥ ወደ ሞላሌ፥ ወደ ራቤልና ወደ ዓለም ከተማ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች፥ ብርዱን ለመቋቋም በአንድ ዝተት ሥር ሦስትና አራት ሆነው ቢያድሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስለዚህ ከሥር የሚለበሰው ጥጥ ይቀቀል፤ ከላይ የሚለበሰው ዝተት ግን ይረፍ። ቅማል ከሰው ገላ ከተለየ ከዐሥር ቀን በላይ እምብዛም አይኖርም፤ ቅጫሙ ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል፥ በሚገባ የደረቀውን ዝተት በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ 30 ቀን ማቆየት ይበቃል። ሌላ መደረቢያ የሌለው ሰው በስፌቱና በጠርዙ ላይ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አንጥፎ በከሰል ካውያ ደጋግሞ ይተኩሰው። በአጥር ላይ ማስጣት እርጥበቱን ያወጣል እንጂ በመንዝ ብርድ ቅማልን ይገድላል ብሎ መተማመን አይገባም። ከዚያ በኋላ እንደ ከረንቡላው ልብስ ከደጅ አውጥቶ በአንድ አቅጣጫ መቦረሽ ነው። ማጠብ ግድ ሲሆን ለብ ባለ ውሃ፥ በእንዶድ ወይም በለስላሳ ሳሙና፥ ሳያሹና ሳይጠመዝዙ እየተጫኑ ይጠቡት፤ የአመድ ውሃ ጠጉሩን ይበላዋል። በገላና በዝተቱ መካከል የሚታጠብ አንሶላ ወይም ነጠላ ቢገባ ደግሞ ድካሙ በግማሽ ይቀላል።

ትኩሳት ይዞት ለቀቀው የተባለ ተማሪ ከሳምንት ገደማ በኋላ እንደገና ቢተኛ፥ መምህሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው እንጂ ከሱቅ ክኒን አይግዛለት። የሚያገረሸው ትኩሳት በመድኃኒት ይድናል፤ ዳሩ ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ባሉት ሰዓታት ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል ሕመምተኛው ከሐኪም ዓይን መራቅ የለበትም። አብረውት ያደሩት ልጆችም ልብሳቸው በዚያው ቀን ይቀቀል፤ ዝተቱም በዚያው ቀን ይታሰር።