ስቴሲና ትሬሲ፦ የዩራኒየም ፈሳሽ የተፈተነባቸው ታንኮች

ዩራኒየም 235 ብረት ሆኖ፣ ዙሪያውን ምንም ሳይከበው ሲቀመጥ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ በራሱ እንዲቀጥል 50 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። ውኃ ውስጥ ሟምቶ በውኃ ሲከበብ ግን ከ1 ኪሎ ያነሰው ይበቃል። ምክንያቱ የውኃው ሃይድሮጅን ነው። ከተሰነጠቀ አቶም በፍጥነት የሚወጡ ኒውትሮኖች ከሃይድሮጅን ጋር እየተላተሙ ይዘገያሉ፤ የዘገየ ኒውትሮን ደግሞ ቀጣዩን አቶም የመሰንጠቅ ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ ፈሳሽ ላይ ሚዛን ብቻውን አያስተማምንም፤ የዕቃው ቅርጽም ይወስናል። ቀጭን ረጅም ቱቦ ውስጥ ኒውትሮኖቹ በጎን እያመለጡ ምላሹ ይከስማል። ያው ፈሳሽ ሰፊ ታንክ ውስጥ ሲገለበጥ ግን ማምለጫ ያጥራቸዋል። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ምላሹ ሳይታሰብ ተነሥቶ በፋብሪካዎች ከተመዘገቡት 22 አደጋዎች 21ዱ የደረሱት በፈሳሽ ወይም በዝቃጭ ነው።

ጃፓን ምላሹ በራሱ መቀጠል የሚጀምርበትን ድንበር ለመለካት በቶካይ መንደር ስቴሲና ትሬሲ የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች ሠራች፤ ሁለቱም በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። በስቴሲ የዩራኒል ናይትሬት ፈሳሽ ወደ ታንኩ ቀስ እያለ ይገባ ነበር፤ ምላሹ ራሱን ችሎ የሚቀጥልበት ከፍታም ይለካ ነበር። ከዚያ የታንኩ ቅርጽ፣ የዩራኒየሙ መጠን ወይም ዙሪያውን የሚከበው ነገር ተቀይሮ እንደገና ይለካ ነበር። አድካሚ ሥራ ነበር፤ የኮምፒውተር ስሌት የሚታመነው ግን እንዲህ ባለ ልኬት ሲፈተን ብቻ ነው።

ትሬሲ ደግሞ ሆን ብሎ ድንበሩን ያልፍ ነበር። ኒውትሮን የሚውጠው ዘንግ ከመሐል በድንገት ሲመዘዝ ኃይሉ በቅጽበት ይወነጨፍ፣ ወዲያውም ይወድቅ ነበር። ፈሳሹ ስለሚሞቅና ጨረሩ ውኃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሚለያየው በአረፋ ያብጣል፤ ኒውትሮኖቹም መውጫ ያገኛሉ። አረፋው ሲወጣ ግን ምላሹ ሊያንሰራራ ይችላል። የፈሳሽ አደጋ አስፈሪነቱ ይህ ነው፤ አንዴ ፈንድቶ አያበቃም።

እዚያው ቶካይ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.፣ ጄሲኦ በተባለው የነዳጅ ማዘጋጃ ድርጅት ሠራተኞች 18.8 በመቶው ዩራኒየም 235 እንዲሆን የበለጸገ የዩራኒየም ፈሳሽ በባልዲ ወደ ሰፊ የማዝቀጫ ታንክ ቀዱ። የተፈቀደው 2.4 ኪሎ ዩራኒየም ነበር፤ የገባው 16 ኪሎ አለፈ። በታንኩ ልባስ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ውኃ ኒውትሮኖቹን ወደ ውስጥ እየመለሰ ምላሹን 20 ሰዓት ያህል አቆየው። ሌሎች ሠራተኞች በየተራ ገብተው ውኃውን ካፈሰሱት በኋላ ቆመ፤ ዳግም እንዳይነሣም ቦሪክ አሲድ ተጨመረ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ።

እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ርቀቱ ነው። አንድ መንደር ውስጥ፣ በአንድ በኩል የታንክ ስፋት በጥንቃቄ ይለካ ነበር፤ በሌላው በኩል ባልዲ የሚያነሡት ሰዎች ስለዚሁ አደጋ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ለምርምር የሚወጣው ገንዘብ ተገቢ ነው፤ ከዚያ እኩል ለሥልጠና ያልወጣው ግን የሁለት ሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ስቴሲ ዛሬም አለ፤ ግን ፈሳሹን ትቷል። በነዳጅ ዘንግና በውኃ እንዲሠራ ታድሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ዳግም ሥራ ጀምሯል፤ አሁን የሚጠናበት በፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ቀልጦ የቀረው ነዳጅ ሲነሣ ምላሹ እንዳይቀሰቀስ ምን መደረግ እንዳለበት ነው።