በመጸው በብስክሌት፦ ከጣና ዳር እስከ ዲማ

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዓመቱ ለአራት ወቅቶች ሲከፈል ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መጸው ይባላል፤ ይኸውም ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምትሸፈንበት፣ እሸቱም ቀስ በቀስ ደርሶ ወደ አውድማ የሚጓዝበት ወቅት ነው። በእነዚሁ ወራት በሰሜን አውሮፓ ቅጠል እየረገፈ፣ ቀኑ እያጠረና ብርዱም እየበረታ ስለሚሄድ ለመዝናናት ብቻ ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች ብስክሌታቸውን እስከ ፀደያቸው ድረስ ይሰቅሉታል። ኢትዮጵያ ግን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥም ከአሥራ አንድ ሰዓት የሚበልጥ የቀን ብርሃን አላት፤ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ዝናቡም ስለሚያባራ፣ ከወዳጅና ከቤተሰብ ጋር ረጋ ብሎ በብስክሌት ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል።

ጊዜውን የሚወስነው ከሰማዩ ይልቅ አፈሩ ነው። በጣና ዙሪያም ሆነ በጋምቤላ ሜዳ ሰፊ ስፍራ የሚሸፍነው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የሸክላነት ጠባይ ስላለው ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በክረምት በዚህ አፈር ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጥቂት ሜትሮች እንደተጓዘ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን አላሽከረክር ይለዋል፤ ያን ጊዜ ወርዶ ጭቃውን በእንጨት መፈልቀቅ፣ ካልሆነም ብስክሌቱን ተሸክሞ መሄድ ግድ ይሆናል። ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው አፈር በእግረኛ፣ በከብትና በጋሪ ተረግጦ ደልዳላ ይሆናል። ጥር ገብቶ የካቲት ሲከተል ደግሞ የተረገጠው ሁሉ ተፈጭቶ አቧራ ይሆናል፣ በማሳው መካከል የሚታየው ስንጥቅም የፊት ጎማ እስኪውጥ ይሰፋል። በጭቃውና በአቧራው መካከል ያለችው ጊዜ እንግዲህ አጭር ናት፤ የአገሪቱ ክፍሎችም ዝናብ የሚያባራላቸው በተለያየ ጊዜ ስለሆነ በአንዱ ስፍራ የምትከፈተው በጥቅምት፣ በሌላው ስፍራ በኅዳር መጨረሻ ነው።

ከአፈሩ ቀጥሎ የሚታየው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጉልበቱን የሚያወጣው ሦስት ነገሮችን ለማሸነፍ ሲሆን፣ እነርሱም የጎማው ከመንገዱ ጋር መፋተግ፣ የአየሩ ግፊትና የዳገቱ ክብደት ናቸው። የአየሩ ግፊት ከፍጥነት ጋር እጅግ እየበረታ የሚሄድ በመሆኑ እሽቅድምድም ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያጠፋው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው፤ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ለሚጨዋወት ተጓዥ ግን አየሩ ያን ያህል አያስቸግረውም፣ ጠላቱ ዳገት ነው። ማርሽ፣ ማለትም የእግሩን ምት ከመንገዱ ተዳፋትነት ጋር የሚያመጣጥነው ባለ ጥርስ ሽክርክሪት፣ ዳገቱን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ለመዝናናት የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ በኢትዮጵያ የተራራ ልጅ ሳይሆን የሜዳና የሐይቅ ዳር ልጅ የሆነው ስለዚህ ነው።

በአገሪቱ የብስክሌት ስም የተነሣው ግን በመዝናኛ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቹ ጋር የተላኩት ብስክሌተኞች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር፤ ቡድኑ በጎዳና ውድድር 9ኛ ሆኖ ማጠናቀቁ ለጀማሪ አገር ትልቅ ውጤት ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ቢሆንም ብስክሌት ወይ የስፖርተኛ መሣሪያ፣ ወይም የታክሲ ሒሳብ ያጠረው ሰው መጓጓዣ ነው የሚል አመለካከት ሥር እንዲሰድ ሳያግዝ አልቀረም፤ በሁለቱ መካከል ያለው፣ አባት ከልጆቹ፣ ወዳጅ ከወዳጆቹ ጋር በእሑድ ጧት ሊያደርገው የሚችለው ጉዞ ባለቤት አጥቶ ኖሯል።

ባለቤት አግኝቷል የሚባልበት ከተማ ካለ ባሕር ዳር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ሜዳማ በመሆኗ ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም ለብዙ ዓመታት በብስክሌት ሲመላለሱባት ኖረዋል፤ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የብስክሌቱ ቁጥር ቢቀንስም ልማዱ አልጠፋም፣ በሰዓትና በቀን የሚያከራዩ ሰዎችም ይገኛሉ። በጥቅምት ወር ጧት ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ በዘንባባና በዋርካ ጥላ ሥር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ቤተሰብ ብዙም ሳይደክም ከዓባይ ድልድይ ይደርሳል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከመኪናው መንገድ ሌላ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሆን መተላለፊያ ስላለው ልጆች የያዘ ሰው ቆሞ፣ ወንዙ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን ሲጀምር ማየት ይችላል፤ ከድልድዩ ሥር ጉማሬ ብቅ የሚልበት ጊዜም አለ። ከድልድዩ ማዶ ያለው የቤዛዊት ኮረብታ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የተሠራበት፣ ለጉልበት አጭር ፈተና ነው፤ ብስክሌቱን እየገፉ መውጣት ነውር የለበትም፣ ከላይ ሲደርሱ ደግሞ ዓባይና ጣና አንድ ላይ ይታያሉ።

ጠንከር ያሉ ወዳጆች የሚመርጡት ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወስደውን መንገድ ነው። ርቀቱ ለአንድ ጉዞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ደርሶ መልሱ ለልጆች ይበዛል፤ ፏፏቴው ከኃይል ማመንጫዎቹ ጋር ውኃውን ስለሚጋራ በበጋ ቢቀጥንም፣ ክረምቱ እንዳለፈ ባሉት ሳምንታት ግርማው ይመለስለታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳው ወርቃማ እየሆነ፣ አጫጁ ጎንበስ ብሎ እያጨደ፣ ነዶው እየተከመረ ይታያል። መንገዱ የብስክሌተኛው ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፤ ወቅቱ የአዝመራ ወቅት በመሆኑ ጭነት የያዘ አህያና ወደ ገበያ የሚነዳ ከብት ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል፣ ከኋላ መጥቶ ደወል ማጮህ ከብቱን ከማስደንበር በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ሐዋሳም እንደ ባሕር ዳር የሐይቅ ዳርና የሜዳ ከተማ ስትሆን፣ ከአሞራ ገደል ተነሥቶ በሐይቁ ጥግ የሚደረገው አጭር ጉዞ በዓሣ ሾርባ መጠናቀቁ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋም ዳገቷም የማይመች ቢሆንም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለሰዓታት ከመኪና ነጻ የሆኑበት ልማድ ሲጀመር ብዙ ሕፃናት ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋልት ላይ ብስክሌት ነድተዋል፤ በቅርቡ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮችም ለዚሁ በር ከፍተዋል።

ብዙ ሰዎች አብረው ሲጓዙ ፍጥነታቸው የደካማው ሰው ፍጥነት ነው። ይህን ያልተቀበለ ቡድን ገና ከከተማው ሳይወጣ ይበታተናል፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያውቀው ከፊት፣ ልጆችና ጀማሪዎች ከመካከል፣ ጉልበተኛው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ሆኖ ቀኝ ጥጋቸውን ይዘው በአንድ ረድፍ ቢሄዱ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም። ሕፃን ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ ማስቀመጥ በየከተማው የሚታይ ቢሆንም የተንጠለጠለ እግር በጎማው ሽቦዎች መካከል ገብቶ ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የእግር ማሳረፊያና መከለያ ሳይኖር መጫን አይገባም። ስንቁ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጾመ ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያትን የሚጾሙ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ዳቦና በሶ ለሁሉም ይስማማል። በሶ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨው የገብስ ዱቄት፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ወይም በጭብጦ መልክ ሲበላ ለረጅም መንገድ ጉልበት የሚሰጥ የቆየ የመንገደኛ ምግብ ነው።

መንገድ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር የጎማ መተንፈስ ሲሆን፣ በተለይ ከአጥር የተቆረጠ የግራር እሾህ መንገድ ላይ በሚበተንባቸው ወራት ይበዛል። በከተማ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ገጠር ሲገባ ግን መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ መለጠፊያና የመፍቻ ብረት መያዝ ያስፈልጋል። የውስጡ ጎማ ተነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል፤ ስፍራው ደርቆና ተፍቆ ማስቲሹ ይቀባል፣ ማስቲሹ ጥቂት ደቂቃ ሳይደርቅ መለጠፊያውን መጫን የብዙ ጥገና መበላሻ ነው። ጎማውን ከመመለስ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣት መዳሰስ ይገባል፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

የጋምቤላ ክልል እስካሁን ከተጠቀሱት ስፍራዎች ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ስትሆን፣ ምድሯ ሜዳ በመሆኑ ለብስክሌት የተመቸች ናት፤ ሙቀቷ ግን የማይቻል ይመስላል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በዚያ በተቋቋመው የንግድ ጣቢያ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከሱዳን ይመጡ የነበሩት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል መርከቡ ይቆም፣ የእግር መንገዱ ይከፈት ነበር። ብስክሌተኛውም ዛሬ የሚጠብቀው ያንኑ የውኃውን መጉደል ነው።

ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በአኙዋክ ዞን የምትገኘው ዲማ ወረዳ በምዕራብ በአኮቦ ወንዝ ከደቡብ ሱዳን የምትዋሰን ሲሆን፣ በባህላዊ መንገድ በሚወጣው ወርቅና በ1970ዎቹ መጨረሻ በተቋቋመው የሱዳን ስደተኞች ጣቢያ ትታወቃለች። ወደ ዲማ ለሽርሽር የሚመጣ ብስክሌተኛ እስካሁን ብርቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሚዛን ተፈሪ በበበቃ የቡና እርሻ አካባቢ አድርጎ ወደ ዲማ የሚወስደው መንገድ ለረጋ ጉዞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሚዛን ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁል ይወርዳል፤ ተጓዡ ከጥቅጥቅ ደንና ከቡና ጥላ ተነሥቶ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ ሲሄድ፣ የከፍታው መቀነስ የሚያመጣውን ለውጥ በቆዳው ያውቀዋል። ቁልቁለት ፍሬን ይፈትናል፤ ከመነሣት በፊት የፍሬኑ ጎማ አለማለቁን ማየት፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዙ እየለቀቁ መውረድ ይሻላል።

የደቡብ ምዕራቡ ዝናብ እስከ ኅዳር ስለሚዘልቅ ለዚህ መንገድ ምቹ የሚሆነው ጊዜ የመጸው መጨረሻ ነው፤ ባሕር ዳር በጥቅምት የምታገኘውን ደረቅ መንገድ ዲማ የምታገኘው ኅዳር ሲያልቅ ነው። በቆላው ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ 4 ሰዓት ሲሆን ጥላ መፈለግ፣ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውኃ መጠጣት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት በፊት ዳግመኛ አለመነሣት ይመከራል። ከዝናብ በኋላ ያሉት ወራት በአገሪቱ ብዙ ክፍል የወባ ወራት ናቸው፣ በጋምቤላ ደግሞ ወባ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ አጎበር፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ከጉዞ በፊት የጤና ባለሙያ ምክር ከመንፊያውና ከማስቲሹ እኩል ስንቅ ናቸው። አካባቢው የድንበር አካባቢ በመሆኑና በአኮቦ ዳር አልፎ አልፎ ግጭት ስለሚነሣ፣ የሚዛንንም የዲማንም አስተዳደር አስቀድሞ ጠይቆ ፈቃድና መረጃ ሳያገኙ ከቤተሰብ ጋር መነሣት አይገባም። መልሱ ዳገት ነው፤ ልምዱ ያላቸው ሰዎች አብሮ የሚከተል መኪና ይዘው፣ ብስክሌቶቹን ጣራው ላይ አስረው ወደ ሚዛን ይመለሳሉ።