ፕሮቲን ካይኔዝ፦ ስንዴን ከዋግ የሚከላከለው ማብሪያ ማጥፊያ

መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ በየማለዳው የሚሸጠው ዳቦ መነሻው የስንዴ ማሳ ነው። የስንዴ ዋነኛ ጠላት ደግሞ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የተከሰተው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በአገራችን በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳን ክፉኛ አጥቅቷል።

ተክል በደም የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሌሉት እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይከላከላል። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ ተቀባዮች የፈንገሱን ምልክት ሲለዩ ፕሮቲን ካይኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ይነቃሉ። ካይኔዝ ከኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል፤ ያም በተራው ቀጣዩን ያነቃል። መልእክቱ በዚህ ቅብብሎሽ ኒውክሊየስ ሲደርስ የመከላከያ ዘረመሎች ሥራ ይጀምራሉ። አንዳንድ ጊዜም የተበከለው ሕዋስ ራሱን በመግደል ፈንገሱን ምግብ ያሳጣዋል።

ከዱር ስንዴ የተገኘውና ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዋይአር 15 የተባለ ዘረመል ካይኔዝ መሰል ፕሮቲን እንደሚሠራ በ2018 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

ጉዳዩ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ቢሲአር ኤቢኤል የተባለው ካይኔዝ ያለማቋረጥ ሲሠራ ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያ ያስከትላል፤ ኢማቲኒብ የሚያክመውም ይህንኑ ካይኔዝ በመግታት ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት ተለውጠው መድኃኒቱን ሊቋቋሙ እንደሚችሉ ሁሉ፣ የዋግ ፈንገስም ተለውጦ አንድን የመከላከያ ዘረመል ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ልዩ ልዩ ዘረመሎችን በአንድ ዝርያ ማጣመርና የተለያዩ ዝርያዎችን መዝራት ተገቢ ነው።